የመግቢያ ዋጋ ልንጨምር ነው፤ መስኮቱ ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ

የመስኮቷ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ የባህል አዳራሽ ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ትኬት እሸጣለሁ፤ ይኸው አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አዳራሹ 240 ወንበር አለው። ትያትር፣ የሙዚቃ ምሽት፣ የልጆች ትርኢት፣ አልፎ አልፎም የግጥም ንባብ ይቀርብበታል። በአንድ ምሽት በአማካይ 110 ሰው ይገባል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወንበር ባዶውን ያመሻል። የሥራ አመራር ኮሚቴው የመብራት፣ የጥገናና የባለሙያ ክፍያ ስለናረ የመግቢያ ዋጋው በአንድ ሦስተኛ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፅ ይሰጥበታል። እኔም አንድ ድምፅ አለኝ።

ቅዳሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የልጆች ትርኢት ነበረን። አንዲት እናት ሦስት ልጆች ይዛ መጣችና ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ የዋጋ ሰሌዳውን አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ እያባዛች ነበር። ከዚያ ትልቁን ልጅ ትከሻውን ይዛ አዞረችውና «ዛሬ ሞልቷል» አለችው። አልሞላም። በዚያን ቀን ከ100 በላይ ወንበር ባዶ ነበር። ልጠራት ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ። «ኑ፣ በነጻ ግቡ» ብላት በልጆቿ ፊት ምን ይሰማታል እያልኩ ሳመነታ ሄዱ።

ጭማሪው አልተዋጠልኝም። ነገር ግን ቅሬታዬን ብቻ ይዤ ስብሰባ ብገባ የሚሰማኝ የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሠራችሁ ወይም የምታውቁ ካላችሁ ምን ይዤ ልግባ?

ሒሳብ ሹም (እሑድ ማታ)

እህቴ፣ የጻፍሽው ነክቶኛል። ለኮሚቴው ግን ይህን ቁጥር ይዘሽለት ግቢ። የዛሬውን ዋጋ 3 ብንለው ከጭማሪው በኋላ 4 ይሆናል። 110 ሰው በ3 ሲገባ 330 ይገኛል። በ4 ሒሳብ ያንኑ 330 ለማግኘት 83 ሰው ይበቃል። እንግዲህ ጭማሪው ከ27 ሰው በላይ ካስቀረ፣ ዋጋ ጨምራችሁ ገቢ ቀንሳችኋል ማለት ነው። 27 ሰው ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ቅዳሜዋ እናት አራት አራት ሆነው የሚመጡ ሰባት ቤተሰቦች ቢቀሩ ከዚያ ቁጥር አልፋችኋል።

ሌላም አለ። የአዳራሽ ወጪ አብዛኛው ቋሚ ነው። መብራቱ ለ110 ሰውም ለ200 ሰውም እኩል ይበራል፤ የድምፅ ባለሙያውም የሰው ብዛት ቆጥሮ አያስከፍልም። 111ኛው ሰው ሲገባ የሚጨምረው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዛሬ ማታ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ደግሞ ጎተራ ገብቶ ለነገ አይተርፍም።

ይህን ስል ዋጋው ለሁሉም ይቀነስ ማለቴ አይደለም። የሚችል ይክፈል፤ ለማይችል ቅናሽ ይደረግለት። ቅናሽ የሚፈልግ ሰው ግን ማስረጃ ያሳይ። ያለዚያ ሁሉም አነስተኛውን ዋጋ ይመርጥና አዳራሹ ይዘጋል።

የማታ ተማሪ (ሰኞ ጠዋት)

ማስረጃ የሚለው ላይ አልስማማም፤ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልናገር። ሥራ ባልነበረኝ ዓመት አንድ አዳራሽ «ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ወረቀት ጠየቀኝ። ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ለማጣራት ጮክ ብሎ ባልደረባውን ጠራ። ከኋላዬ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። ወረቀቱ ደህና ነበር፤ ገባሁም። ትርኢቱ ምን እንደነበረ ግን ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ዝምታ ነው። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚባለው እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት እዚያ አልሄድኩም። ሥራ ካገኘሁና ሙሉውን መክፈል ከቻልኩ በኋላ እንኳ እግሬ እንቢ አለኝ።

ያቺ እናት ወረቀት ብትጠየቅ ኖሮ ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? «ዛሬ ሞልቷል» ብላ ያንኑ መንገድ ትመለሳለች።

ሒሳብ ሹም (ሰኞ ጠዋት)

የደረሰብህ ያሳዝናል፤ የዚያ ሰው ጥፋት ነው። ነገር ግን ያለ ማስረጃ ሲለቀቅ ምን እንደሚመጣም እንይ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ጎብኚው የፈለገውን ያህል ከፍሎ የሚገባበት ነበር። የሚጠቁመው ዋጋ ነበረው፤ ግዴታ ግን አልነበረም። ሙዚየሙ ራሱ እንደገለጸው በ2004 የተጠቆመውን ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ጎብኚ 63 በመቶ ነበር፤ በኋላ ወደ 17 በመቶ ወረደ። በመጋቢት 2018 ከግዛቱ ውጭ ለሚመጣ አዋቂ 25 ዶላር ግዴታ ሆነ። ያን ያህል ሀብት ያለው ተቋም ካልቻለው 240 ወንበር ያለው አዳራሽ እንዴት ይችለዋል?

የድሮ አዳራሽ ኃላፊ (ሰኞ ማታ)

ለአሥራ አንድ ዓመት ከእናንተው ጋር የሚቀራረብ አዳራሽ አስተዳድሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህ ጉዳይ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ።

ልጄ፣ የሜትሮፖሊታኑን ምሳሌ ሒሳብ ሹሙ በትክክል አቅርበውታል፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ከለውጡ በኋላም የኒው ዮርክ ግዛት ነዋሪዎች የፈለጉትን ከፍለው የመግባት መብታቸው አልተነሣም። ግዴታው የመጣው በዋነኛነት በጉብኝት አልፎ ሂያጅ በሆነው ላይ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ለሚሄድ ሰውና የሠፈሩን አዳራሽ በየወሩ ለሚመላለስበት ሰው ሥርዓቱ አንድ መሆን የለበትም። የእናንተ ታዳሚ ነገም ይመጣል፤ ልጁ ነገ መድረኩ ላይ ሊዘፍን ይችላል። አዳራሹ ቢዘጋ የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው፤ ይህንንም ያውቃል።

«የፈለጉትን ይክፈሉ» ብቻውን ግን ደካማ ነው። እኔም ሞክሬው አልሠራልኝም። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሙከራ አለ። በአንድ የመዝናኛ ፓርክ ከ113 ሺህ በላይ ጎብኚዎች ሲጫወቱ የተነሡት ፎቶግራፍ ለሽያጭ ቀረበላቸው። ዋጋው 12.95 ዶላር ሲሆን የገዛው 0.5 በመቶ ብቻ ነበር። የፈለጉትን ይክፈሉ ሲባል 8.4 በመቶ ገዛ፤ አማካይ ክፍያው ግን 92 ሳንቲም ሆነ። በሌላ ዙር የፈለጉትን ይክፈሉ፣ ከከፈሉት ግማሹ ለበጎ አድራጎት ይውላል ተባለ። 4.5 በመቶ ገዛ፤ አማካዩ ወደ 5.33 ዶላር ከፍ አለ። ግማሹ ተሰጥቶም ለፓርኩ የተሻለ ያተረፈለት ይኸኛው ነው። ሰው ዋጋውን ራሱ እንዲወስን ሲተውለት ምን እንደሚያደርግ የሚወሰነው ገንዘቡ የት እንደሚገባ በማወቁ ነው። እኔ በሩ ላይ ሣጥን አስቀምጬ «እንደ አቅምዎ» ብቻ ብዬ ነበር። ሰዎች ግራ ይጋቡ ነበር። ስንት ቢሰጡ እንደሚበቃ ስለማያውቁ አንዳንዱ አፍሮ ብዙ ይከታል፤ አብዛኛው አፍሮ ጥቂት ይከታል፤ ጥቂቱም አፍሮ ጭራሽ መምጣት ያቆማል።

በመጨረሻ የሠራልኝ ሦስት ቁርጥ ያለ ዋጋ ነው፦ አነስተኛ፣ መደበኛ፣ ደጋፊ። መደበኛው የምሽቱን ወጪ የሚሸፍን፣ አነስተኛው የዚያ ግማሽ፣ ደጋፊው አንድ ተኩል ነበር። ወንበሩ አንድ ነው፤ የትኬቱም ቀለም አንድ ነው። ማንም ምክንያት አይጠየቅም። እያንዳንዱ ዋጋ ምን እንደሚሠራ ሰሌዳው ላይ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል።

አነስተኛውን የማይገባው ሰው አልመረጠም? መርጧል። አንድ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ለስድስት ወር በአነስተኛው ሲገባ አይቻለሁ፤ ሠራተኞቼም በጣም ይናደዱበት ነበር። ተዉት አልኳቸው። እሱን ለመያዝ የምንተክለው አጥር ስንት እናት መልሶ እንደሚሰድ ማን ይቆጥራል? የሚገባው መቶ ብር ቢሆን በሃምሳ የሚገባ ሰው በደጃችሁ ያልፋል፤ ታዩታላችሁ። ተሸማቅቆ የተመለሰ ሰው ግን አይታይም። የሚታየውን ኪሳራ ብቻ እየቆጠሩ የማይታየውን መርሳት ነው የኮሚቴዎች ሁሉ በሽታ።

ሒሳብ ሹም (ሰኞ ማታ)

አባቴ፣ ይህን በቁጥር ልፈትነው። ዛሬ 110 ሰው ሙሉ ዋጋ ስለሚከፍል ገቢያቸው 110 ነው እንበል። በሦስቱ ዋጋ 130 ሰው መጣ እንበል፤ 40 በአነስተኛ፣ 70 በመደበኛ፣ 20 በደጋፊ። 20፣ 70 እና 30 ሲደመሩ 120። ከዛሬው ይበልጣል።

አሁን ክፉውን እንገምት። ከነባሮቹ 30ው ወደ አነስተኛ ወረዱ፤ 70 በመደበኛው ጸኑ፤ 10 ብቻ ደጋፊ ሆኑ። አዲስ የመጡት 20 ሁሉም አነስተኛውን መረጡ። 50 ሰው በግማሽ 25፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 15። ድምሩ 110። በትክክል የዛሬው ገቢ፣ በ20 ሰው የበለጠ ታዳሚ።

ከዚህ የከፋ ከሆነ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሐሳቤን የምቀይረው በአንድ ሁኔታ ነው፦ በየምሽቱ በእያንዳንዱ ዋጋ ስንት ሰው እንደገባ ይመዝገብ፤ በሦስተኛው ወር ይታይ። ማስረጃ ከታዳሚው መጠየቁ ይቅር፤ ከእኛ ከራሳችን ይጠየቅ።

አራተኛው ተጫዋች (ማክሰኞ ጠዋት)

ሁላችሁም ስለ ታዳሚውና ስለ አዳራሹ ትጽፋላችሁ። መድረኩ ላይ ያለነውንም አስቡን።

በአራት መሣሪያ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቫዮሊን እጫወታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ አዳራሽ ከመግቢያው ገቢ 60 በመቶ ሊሰጠን ተስማማን። አዳራሹ ከዚያ በኋላ «ለማኅበረሰቡ» ብሎ ግማሹን ትኬት በነጻ አደለ። አዳራሹ ሞላ፣ ጭብጨባው ደመቀ፣ ኃላፊው በደስታ አቀፈን። ለአራት ሰው የደረሰን ገንዘብ የትራንስፖርታችንን ወጪ አልሸፈነም። ያን ቸርነት ያደረግነው እኛ ነን፤ የጠየቀን ግን የለም።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳዩት ችግር በእኛ ላይ የሚታይ ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ለአራት መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ጊዜ ያው ነው። ፋብሪካ በአዲስ ማሽን በአንድ ሰዓት አሥር እጥፍ ያመርታል፤ እኛ ሙዚቃውን በሁለት ሰው ወይም በግማሽ ሰዓት ልንጨርሰው አንችልም። የቀረው ዓለም ደመወዝ ሲጨምር የእኛ ወጪ አብሮ ይወጣል፤ ምርታችን ግን አይጨምርም። ስለዚህ የእናንተ ኮሚቴ ክፉ ሆኖ አይደለም ዋጋ ጨምሩ የሚለው። ወጪው በእርግጥ ይጨምራል፤ በሚመጣውም ዓመት ይጨምራል። ትኬት ብቻውን ያን ልዩነት ብዙ ቦታ አይሸፍነውም፤ ድጎማ፣ ለጋሽ ወይም የአዳራሽ ኪራይ ይጨመርበታል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ርካሽ ዋጋ ስትተምኑ የባለሙያውን ክፍያ ከመግቢያው ድርሻ አውጡትና ቁርጥ አድርጉት። አምስት ሰውም ይግባ ሁለት መቶ፣ ክፍያው ይታወቅ። ከዚያ በኋላ ትኬቱን የፈለጋችሁትን ያህል አርክሱት፤ እኔም አብሬያችሁ አጨበጭባለሁ።

የመስኮቷ (ማክሰኞ ቀትር)

አራተኛው ተጫዋች፣ ይህ ጭራሽ አልታየኝም ነበር። የእኛም ውል በድርሻ ነው። አሁኑኑ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። አመሰግናለሁ።

የታሪክ አንባቢ (ማክሰኞ ማታ)

ስለ ወንበሩ ማንም ጠለቅ ብሎ አላነሣም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ርካሹ ወንበር የት ነው ያለው? በብዙ አዳራሽ ከምሰሶ ጀርባ፣ ወይም ተዋናዩ የጉንዳን ያህል ከሚታይበት ጥግ ነው። ሰውየው ከፍሎ ገብቶም ቦታው ሲነገረው ያመሻል።

እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ ፍራየ ፎልክስቢውነ የተባለ የሠራተኞች የትያትር ማኅበር ተቋቋመ፤ «ነጻ የሕዝብ መድረክ» እንደ ማለት ነው። መግቢያው ለሁሉም አባል 50 ፕፌኒግ (የጀርመን ሳንቲም) ነበር። ወንበር በዋጋ አይመረጥም፤ አባሉ ሲመጣ ዕጣ ያወጣል፣ የወጣለት ላይ ይቀመጣል። የብረት ሠራተኛው ፊተኛው ረድፍ፣ መምህሩ የመጨረሻው ረድፍ ሊደርሳቸው ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይገለበጣል። ይህን ሥርዓት ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። እንቅስቃሴው በ1914 ከአባላት የተሰበሰበ ሳንቲም ታክሎበት የራሱን ትልቅ ትያትር ቤት ከፈተ፤ ስለዚህ ርካሽ ዋጋ ሁልጊዜ ወደ ኪሳራ ይወስዳል የሚለውን አልቀበልም። ሰዎቹ ቤቱን የራሳቸው አድርገው ስላዩት አዋጡለት።

ለንደን ውስጥ በ1997 እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው ግሎብ ትያትርም አለ። ከመድረኩ ሥር ቆሞ የሚያይ እስከ 700 ሰው ይይዛል፤ የቆመው ሰው መግቢያ ከሃያ ዓመት በላይ 5 ፓውንድ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ርካሹ ቦታ ለተዋናዩ የቀረበው ቦታ ነው። እዚያው ከተማ ናሽናል ትያትር በ2003 የ10 ፓውንድ ወቅት ሲጀምር በትልቁ አዳራሹ ከሦስቱ ሁለት እጅ የሚሆነውን ወንበር ነው በዚያ ዋጋ ያቀረበው። ሃያ ሠላሳ ወንበር ጥግ ላይ አስቀምጦ «ርካሽ ትኬት አለን» ማለትና ይህ አንድ አይደሉም።

ማስረጃ ስለሚባለውም፦ የጥንት አቴናውያን ቴዎሪኮን የሚባል የሕዝብ ገንዘብ ነበራቸው። ዜጋው ለትያትር መግቢያ የሚሆን ሁለት ኦቦል (የዘመኑ ሳንቲም) ከዚያ ይሰጠው ነበር። ለድሃው ብቻ ሳይሆን ለዜጋ ሁሉ ስለነበረ በሩ ላይ ማን ቸግሮት እንደመጣ ማንም አያውቅም። (ዜጋ የሚባሉት ወንዶች ብቻ እንደነበሩና ባሪያዎች እንደማይቆጠሩ አልዘነጋሁም።)

ሦስተኛ ረድፍ (ማክሰኞ ማታ)

ቀዝቃዛ ውኃ ለመቸለስ ሳይሆን ከልብ ስለማስብበት ነው የምጽፈው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 የብሔራዊ ሙዚየሞቿን መግቢያ ነጻ አደረገች። የጎብኚው ቁጥር በብዙ ጨመረ። ከጨመሩት ብዙዎቹ ግን ቀድሞም ሙዚየም መሄድ የለመዱት፣ የተማሩና ደህና ኑሮ ያላቸው ነበሩ፤ ይሄዱ የነበሩት ደጋግመው ሄዱ። ዋጋ አንዱ በር ነው። ከኋላው ሌሎች አሉ፦ ትርኢቱ የሚያልቅበት ሰዓት፣ የመመለሻ መጓጓዣ፣ ሕፃን የሚይዝ ሰው ማጣት፣ ከሁሉም በላይ «እዚያ የሚሄዱት እንደ እኔ ያሉ አይደሉም» የሚል ስሜት። ይህን የመጨረሻውን የዋጋ ሰሌዳ አይፈታውም። ሰው ሄዶ «ና» ማለት አለበት።

የማታ ተማሪ (ማክሰኞ ማታ)

ሦስተኛ ረድፍ፣ እውነት ነው። ግን ያቺ እናት ልጆቿን አልብሳ፣ መንገዱን ጨርሳ፣ መስኮቱ ጋ ደርሳ ነው የተመለሰችው። ሌሎቹን በሮች ሁሉ ከፍታ መጥታለች። የቀራት አንድ ነበር።

የወንድሜ ዓይን (ረቡዕ ጠዋት)

አጭር ነገር። ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ሙዚቃ ይወዳል፤ ብቻውን ግን ወደማያውቀው ቦታ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ሰው ሙዚቃ ለመስማት ሁልጊዜ ሁለት ትኬት ይገዛል። አብሮት የሚመጣው ረዳት በነጻ ይግባ። ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ለመለመን ይገደዳል።

የድሮ አዳራሽ ኃላፊ (ረቡዕ ጠዋት)

ተባረኪ። ይህ በእኛ አዳራሽ በስድስተኛው ዓመት ነው ትዝ ያለን፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለ ነጻ መግቢያም ካየሁት ልጨምር። ነጻ ትኬት በስልክ ስናስይዝ 240 ተይዞ 130 ሰው ይመጣ ነበር። ምንም ያልከፈለ ሰው ዝናብ ቢያካፋ ይቀራል፤ በስልክ «አልቋል» ያልነው ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጧል። ነጻ የምታደርጉት ምሽት ካለ የተያዘ ወንበር ትርኢቱ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ለቆመው ይለቀቅ።

አቅም ለሌለው ጭራሽ ነጻ መስጠት ከፈለጋችሁ ደግሞ ትኬቱን እናንተ አታድሉ። ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኩልቱርፓስ የሚባል ካርድ አለ፤ የሚቸገረው ሰው ካርዱን የሚያገኘው ቀድሞ ከሚረዱት ማኅበራዊ ድርጅቶች ነው። ትያትር ቤቱ በር ላይ ስለ ኑሮው የሚጠይቀው የለም። እናንተም ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለሴቶች ማኅበሩ በየወሩ ትኬት ብትሰጧቸው፣ ሦስተኛ ረድፍ «ሰው ሄዶ ና ማለት አለበት» ያለው ነገርም አብሮ ይሠራል።

የመስኮቷ (የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማታ)

ስብሰባው ዛሬ ነበር። የጻፋችሁትን ወደ ሦስት ገጽ አሳጥሬ አነበብኩላቸው። የሒሳብ ሹሙ የ83 ሰው ስሌት ሲነበብ ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አወጣና ራሱ አሰላው። ከዚያ በኋላ ነው መደማመጥ የጀመርነው።

ጭማሪው ለሦስት ወር ቆሟል። በእነዚያ ሦስት ወራት ሦስቱ ዋጋዎች ይሞከራሉ፤ ማስረጃ አይጠየቅም፤ በየምሽቱ እመዘግባለሁ። ረዳት በነጻ ይገባል፤ ይህ ያለ ክርክር አለፈ። የባለሙያ ክፍያ ቁርጥ ይሁን የሚለው ግን አላለፈም፤ ገንዘብ ያዡ የመጀመሪያውን ወር ገቢ ሳናይ ቃል መግባት አንችልም አሉ። አራተኛው ተጫዋች፣ ይቅርታ። በሚቀጥለው ስብሰባ መልሼ አነሣዋለሁ። አልለቀውም።

አሁን ሰሌዳውን መጻፍ የእኔ ሥራ ሆኗል። እንዲህ አሰብኩ፦

«ሦስት ዋጋ፣ አንድ ዓይነት ወንበር። የሚስማማዎትን ይምረጡ፤ ምክንያት አንጠይቅም።
አነስተኛ፦ ዛሬ አብረውን እንዲያመሹ።
መደበኛ፦ የእርስዎን ወንበር ወጪ ይሸፍናል።
ደጋፊ፦ የእርስዎን ወንበር ሙሉውን፣ የሌላ ሰው ወንበር ደግሞ ግማሹን ይሸፍናል።
ረዳት ለሚያስፈልገው ሰው ረዳቱ በነጻ ይገባል።»

ምን ትላላችሁ?

ሒሳብ ሹም (ሐሙስ ማታ)

የደጋፊው ዓረፍተ ነገር በሒሳብም ትክክል ነው። አትንኪው።

አራተኛው ተጫዋች (ሐሙስ ማታ)

ይቅርታ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ወር ቁጥር ሲወጣ እዚህ ለጥፊው፤ ለስብሰባው የሚሆን ደብዳቤ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሆነን እንጽፍልሻለን።

የማታ ተማሪ (ሐሙስ ማታ)

ቃላቱ ጥሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ልለምንሽ። ሰው «በአነስተኛው» ብሎ በተሰለፈ ሰው መካከል ጮክ ብሎ እንዳይናገር ሰሌዳው ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ቁጥር ስጪው፤ በጣቱ ቢያሳይሽ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው የት ነው የሚሰቀለው? መስኮቱ ራስጌ ከሆነ ሰው ሰልፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚያነበው። ከልጆቹ ጋር ሆኖ፣ ቆም ብሎ፣ ማንም ሳያየው አንብቦ የሚወስንበት ቦታ ይፈልጋል።

የመስኮቷ (ሐሙስ ማታ)

ከዋናው በር ውጭ በስተግራ ባዶ ግድግዳ አለ፤ ከመንገዱ ይታያል። ቅዳሜ የልጆች ትርኢት አለን። ነገ ከሥራ ስወጣ ሚስማርና መዶሻ ይዤ እሄዳለሁ።